የበያጁ ልጅ

ለማከብርዎ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? አባባስ ያ ሳል ለቀቃቸው? ታናሽየዋስ ከነልጆቿ እንዴት ናት? ሁላችሁም ደህና ከሆናችሁ ደስ ይለኛል፤ ደህና ካልሆናችሁም አትደብቁኝ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ልጅቷም ደህና ናት። ወተቷን በራሷ መጥባት ጀምራለች፤ ጉንጯ ላይም ትንሽ ሥጋ ጣል አድርጋለች።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት ተቀይሜ ወይም ችላ ብዬ እንዳይመስልዎት። በሥራ ቱታዬ ኪስ ይዤው ስዞር ከርሜ፣ አሁን ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል። ልጅቷን ወስደው እርስዎ ሊያሳድጓት እንደሚፈልጉ ጽፈውልኛል። «አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ነገ ሌላ ኑሮ ትጀምራለህ። ወንድ ብቻውን አራስ ልጅ እንዴት አድርጎ ያሳድጋል?» ብለዋል። እውነቱን ልንገርዎትና፣ መጀመሪያ ሳነበው ቀለል አለኝ። አልተከፋሁም፣ አልተቆጣሁምም። ከባድ በር ብቻውን ተሸክሞ የቆመ ሰው፣ ሌላ ሰው መጥቶ በወዲያኛው በኩል ሲያነሣለት የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የተሰማኝ። «እሺ» ብዬ ልጽፍልዎት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ነበር። ለምን እንዳልጻፍኩ የሚገባዎት ከሄዱ ወዲህ የሆነውን ከሥሩ ስነግርዎት ነውና ትንሽ ይታገሡኝ። መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ብለው ያንብቡት።

እርስዎን አውቶቡስ አሳፍሬ በሸኘሁ ማግሥት ሥራ ገባሁ። አለቃዬን ያስታውሷቸው ይሆናል፤ በልጅዎ ቀብር ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨብጠው ከኋላ የቆሙት ወፍራም ሰውዬ ናቸው። «ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉኝ። «በር» አልኳቸው። የትምህርት ቤት በሮች ትዕዛዝ ነበረብን። ሊመልሱኝ ፈልገው ነበር፤ ፊቴን አይተው ተዉት።

የብየዳ ጭንብል ውስጥ መሆን ጥሩ ነው፣ እማማ። ጨለማ ነው። የሚታይዎት የምትቀልጠዋ ነጥብ ብቻ ናት። ሰውም ፊትዎን አያይም። እኔ ደግሞ ሰው ፊቴን እንዲያይ አልፈልግም ነበር፤ የማለቅስ ሆኜ ሳይሆን የማላለቅስ ሆኜ ነው። ጎረቤቱም፣ የሥራ ጓደኛውም፣ ልጅዎ ፀጉር ትሠራላቸው የነበሩት ደንበኞችም ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ መቼ እንደሚፈሰኝ ይጠብቃሉ። ምንም የለም። ቀብሩ ላይ እርስዎም ደረቅ ዓይኔን እንዳዩ አውቃለሁ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ይህ ልጅ እንዲህ ጨካኝ ነበር ወይ ሳይሉ አይቀርም። ጥርስ ሊነቅሉልዎት ማደንዘዣ ሲወጉዎት ድድዎን በምላስዎ ቢነኩት የእርስዎ አይመስልዎትም አይደል? ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር። አሁንም አብዛኛው እንደዚያው ነው።

በሮቹን አበላሸኋቸው። ማጠፊያቸውን በተሳሳተው በኩል በየድኩት፤ ያውም አንዱን አይደለም፣ ሁሉንም። በደህናው ጊዜ ቢሆን አለቃዬ ጆሮዬ እስኪግል ይሰድቡኝ ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ማጠፊያዎቹን ቆረጡና ጎንበስ ብለው ራሳቸው መልሰው በየዷቸው። ስድባቸው ናፈቀኝ። ቀለም የሚቀባልን ጓደኛችን ሬዲዮ ነው የሚባለው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው ስሙ የወጣለት። እሱም እኔ ካለሁ ዝም ይል ጀመር። ሌሎቹ «ሬዲዮናችን ተበላሸ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እኔን ሲያዩ ግን እነሱም ዝም ይላሉ። በእኔ ምክንያት መዶሻ ብቻ የሚሰማበት ቤት ሆነ።

ልጅቷ ዘንድ አልሄድኩም። ይህንን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ያለ ጊዜዋ ስለ ተወለደች በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ናት፣ የሚያውቁ ሰዎች ይዘዋታል፣ እኔ ብሄድ ምን እረባታለሁ አልኩ። ያልኩት ይህን ነው፤ በእርግጥ ግን አላሰብኳትም። ከሥራ ወጥቼ በሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት እያለፍኩ ዳቦ ገዝቼ ቤቴ እገባ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልክ ተደወለ። የሕፃናት ክፍሉ ሲስተር ናት። «የልጅቷ አባት ነዎት?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና «መሰለኝ» አልኳት። «እንግዲያው ይምጡና ይቀፏት፤ እኛ እጅ አጥሮናል» ብላ ዘጋችው። ነፍስ ይማር አላለችም፣ አይዞህ አላለችም። እጅ አጥሮናል ብቻ። ሥራ ላይ እጅ ሲያጥር ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ይኬዳል። ሄድኩ።

ሲስተር አጭር፣ ቀጭን፣ ስትናገር የማትደጋግም ሴት ናት። መጀመሪያ እጄን አየችው። ይህ የብረት ጥቁረት ነው፣ ከቆዳው ጋር የተዋሐደ ስለሆነ አይለቅም አልኳት። «ይለቃል» አለችና ብሩሽ ሰጠችኝ። እስከ ክርኔ ድረስ ፈተግኩት። ለቀቀ። ከዚያ ሸሚዝዎን ያውልቁ አለችኝ። ደረቴ ላይ የብየዳ ብልጭታ የተወው ጠባሳ እንደ ኩፍኝ ፈሷል፤ ተላላፊ በሽታ መስሏት ጠጋ ብላ አየችውና ሥራዬን ስነግራት ተወችው። ወንበር ላይ አስቀምጣ ልጅቷን ደረቴ ላይ ለጥፋ በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችን። ከኮፍያና ከዳይፐር በቀር ምንም አልለበሰችም። ክብደት የላትም፣ እማማ። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ብብትዎ ሥር ቢይዙ ከእሷ ይልቅ እሱ ይከብዳል።

ሲስተር ቆይታ መጥታ ምን እንደተሰማኝ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጨርቁን ቋጠሮ እያጠበቀች «ይሁን፤ ምንም ባይሰማዎትም ይቀመጡ። ልጅቷ የምትፈልገው ሙቀትዎን ነው፤ ስሜትዎን አልጠየቀችዎትም» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ደስ ያለኝ የመጀመሪያው ንግግር ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የሌለኝን ነበር። ሙቀት ግን አለኝ። በነጋታውም ሄድኩ፣ በሦስተኛውም። ከሥራ ስወጣ ሁለተኛ ፈረቃ እንደሚገባ ሰው እጄን ፈትጌ ሸሚዜን አውልቄ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ተለጥፏል፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።

በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እናቶች ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ስገባ ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። እያደር ግን ረሱኝ፤ ጭራሽ ያዙኝ ጀመር። ያንን ትራስ አቀብለን፣ መስኮቱን ዝጋልን፣ ያ አልጋ ይንቋቋልና እስቲ እየው። አልጋውን ጠገንኩት፤ የሦስት አልጋ ብሎን ላልቶ ኖሮ ሁሉንም አጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ቤተኛ ሆንኩ። የመንትዮች እናት የሆነች አንዲት አትክልት ሻጭ አለች፤ ድምፅዋ ከወዲያኛው ሕንፃ ይሰማል። «አንተ ደረትህ ምድጃ ነው፤ ከእኔም አንዱን ደርብልኝ» ትለኛለች። ዳይፐር ማሰር ያስተማረችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያውን የፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ እንደ በሮቹ። ሁለተኛውን ስሞክር «ብረት አይደለም እኮ፣ ቀስ በል፤ ትተነፍስበት» አለችኝና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ ሳይመስለኝ አልቀረም፤ ቢያንስ ፊቴ ተንቀሳቅሷል።

ልጅቷን የበያጁ ልጅ ነው የሚሏት። «የበያጁ ልጅ ዛሬ ክብደት ጨመረች»፣ «የበያጁ ልጅ አስነጠሳት» ይባባላሉ። አዲስ የገባች አንዲት ወላድ አንድ ቀን እናትየዋ የት ሄደች ብላ ጠየቀች። የመንትዮቹ እናት ቀና ሳትል «አባቷ አለ አይደል እንዴ» አለቻት። በዚያው አለፈ።

ብዙ ነገር ተማርኩ። ወተት ስንት ሰዓት ከቆየ እንደሚጣል፣ ጡጦ እንዴት እንደሚቀቀል፣ ስትታጠብ አንገቷ በየትኛው ክንድ እንደሚደገፍ። እንዴት እንደምታገሣ ተማርኩ፤ መጀመሪያ ጀርባዋን መታ መታ ማድረግ ፈርቼ በአንድ ጣት ስነካት ሲስተር «በር እያንኳኩ ነው?» ብላኛለች። ፊቷ ሲቀየር ምን ማድረግ እንዳለብኝ ተማርኩ። መተንፈስ ስትረሳ፣ አንዳንዴ ትረሳለችና እማማ፣ የእግሯን መዳፍ በጣት ማሻሸት ነው፤ ታስታውሳለች። መጀመሪያ ቀን ስትረሳ እጄ በድን ሆኖ ቀረ፤ ሲስተር ነች የደረሰችላት። አሁን ሲስተር ሳትነሣ እኔ እጨርሰዋለሁ። እንዲህ የምነግርዎት ልጎራ አይደለም። የሚሰማኝ ነገር ባይኖርም እጄ ሥራውን እየለመደ መሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው።

ቤቱን ደግሞ ልጅዎ እንደተወችው ነበር ያቆየሁት። በመስኮቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ፈዛዛ ቢጫ መቀባት ጀምራ እንደነበር አይተዋል፤ እጇ እስከደረሰበት ድረስ ቀብታ ከላይ ያለውን ለእኔ ትታው ነበር። የልጁን አልጋ ከእንጨት አሠራ ትለኝ ነበር። የበያጅ ልጅ እንጨት ላይ ከተኛ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ እከራከራት ነበር። እሷ ደግሞ ብረት በክረምት ይቀዘቅዛል፣ አንተ ተኛበት ትለኝ ነበር። ጨዋታችን ነበር።

ሥራ ቦታ ከትርፍራፊ የብረት ቱቦ አልጋ ሠራሁ። ሬዲዮ መጥቶ ዙሪያውን ዞረው፣ አጎነበሰ፣ ርብራቡን ቆጠረ፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተና «ማንን ልታስር ነው?» አለኝ። ሁሉም መዶሻውን አቁሞ እኔን አየኝ። አልጋውን አየሁት። እውነቱን ነበር፤ የፖሊስ ጣቢያ መስኮት ነው የሚመስለው። ሳቄ መጣ። ትንሽ ነው፤ ግን መጣ። ሬዲዮ ይህችን ካየ በኋላ የሚዘጋው አልተገኘም፣ ያንን የከረመውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ለቀቀው። አልጋውን ፈታሁት፤ ቋሚውን ብረት አድርጌ ርብራቡን ከእንጨት አሠራሁ። ሁለታችንም አሸነፍን ማለት ነው። አለቃዬ መሐረባቸውን አውጥተው በየጠርዙ አሳለፉትና ክሩን በያዘበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፤ እኔ ምልክቱን እየተከተልኩ ሞረድኩት። መሐረባቸው ሳይያዝ ዙሪያውን ሲዞር «በል ውሰደው» አሉኝ። ግድግዳውንም ከላይ ቀብቼ ጨረስኩት። የእሷና የእኔ ቀለም የተገናኙበት ቦታ ትንሽ መስመር ይታያል፤ ቢደጋግሙትም አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ልጅቷ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ሲቃረብ ሐኪሙ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ረጋ ያለ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ከወጣች በኋላ ምን ምን ክትትል እንደሚያስፈልጋት አስረዳኝ። ከዚያ «ልቧንም በመሣሪያ እናየዋለን፤ የእናቷን ሁኔታ ስለምናውቅ» አለኝ። የማውቀው መስሎት ቀጠለ። ማርገዝ ለእሷ ልብ ከባድ አደጋ መሆኑን ገና ሳታረግዝ እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጦ በግልጽ እንደነገራት፣ በደንብ አስባ እንድትወስን እንደመከራት፣ አርግዛ ስትመለስም እንዳዘነ ነገረኝ። እሷ በሞተች ቀን ልቧ ደከመ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ሐኪሞች ሰው ሲሞት የሚሉት ነገር መስሎኝ ነበር። «ስነግራት ብቻዋን አልነበረችም፤ ከአንዲት ትልቅ ሴት ጋር ነበረች» አለኝ።

ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ራሴን ነቀነቅኩና አመስግኜው ወጣሁ። ሚስቱ ሁሉን የምትነግረው ባል መምሰል ፈልጌ ይሆናል።

ጓሮ ካለው ቧንቧ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። እጅዎ ላይ ተኝተው ሲደነዝዝ ቆይቶ ደም ሲመለስበት እንዴት እንደሚነዝር ያውቃሉ። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር እንደዚያ ነው የመጣው፤ ንዴት ነበር። ሐዘን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ የመጣው ግን ንዴት ነው። በእሷ ተናደድኩ። ፀጉር እያበጠረች፣ እየዘፈነች፣ ግድግዳ እየቀባች ያን ሁሉ ወር አጠገቤ ተኝታ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ የማን ቁጥር ላይ እንዳረፈ አልነግርዎትም። አልደወልኩም። ብደውል ኖሮ የምናገረው ነገር ተመልሶ የሚዋጥ አይሆንም ነበር።

ሲስተር በመስኮት ብቅ ብላ የበያጁ ልጅ ርቧታል አለችኝ። ገባሁ። እጄን ፈተግኩ፣ አጠባኋት፣ ደረቴ ላይ አደረግኋት። አልተኛ አለች፤ ትወራጫለች፣ ትነጫነጫለች። ሲስተር መጥታ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈችና «የእርስዎ ልብ እኮ እየሮጠ ነው፤ እሷ የምትከተለው እርስዎን ነው። ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አለችኝ። ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ? አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ። እሷም ቀስ አለች። እሷ እስክትተኛ ድረስ መናደድ አልቻልኩም፤ ከተኛች በኋላ ደግሞ እንዳትነቃ ብዬ መናደድ አልቻልኩም። እንዲህ እንዲህ ሲል ያ ቀን አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ማርገዟን የነገረችኝ ቀን ትዝ አለኝ። ሥራ ቦታዋ ልወስዳት ሄጄ ነበር፤ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ ተበትኖ እንደተቀመጠ ትታት በሩ ላይ ወጣችና ነገረችኝ። ፊቷን ያኔ ቢያዩት፣ እማማ። ዕድሜዋ ሁሉ አንድ ላይ የመጣ ይመስል ነበር። ትክ ብዬ ሳያት «ደስ ይበልህ፤ ሌላ ነገር አትጠይቀኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። ተመልሳ ገብታ የደንበኛዋን ፀጉር ጨረሰች።

ልጅዎን እርስዎ ያውቋታል። እምቢ ካለች እምቢ ናት። አንድ ነገር ከፈለገች የእኔ ልመናም ሆነ የሌላ ሰው እንባ አይመልሳትም ነበር። እናቷን አስምላ አንድ ነገር ለማንም አትናገሪ ብትል ደግሞ እናት ምን ታደርጋለች? ይህንን ሳስብ ቆይቼ ነው ንዴቴ የተፈታው። ሁሉም ተፈታ አልልዎትም፤ ያለው ግን የምችለው ነው።

ሲሄዱ አውቶቡሱ በር ላይ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» ብለውኝ ነበር። ሰው በሐዘን ጊዜ የሚለው ነገር መስሎኝ «ምን በደሉኝና» አልኩዎት። ዛሬም ቢጠይቁኝ የምመልስልዎት ይህንኑ ነው። አስቤበት ነው የምለው።

ስለ ልጅቷ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ አልሰጥዎትም። አይቀየሙኝ። እወዳታለሁ ብዬ እንዳልፎክርብዎት መውደዱ እስካሁን በደንብ አልመጣልኝም፤ ወይም መጥቶ እኔ አላወቅኩትም። የማውቀው ሌላ ሰው ሲያቅፋት አንገቷን አዙራ እንደምትፈልገኝ ነው። የማውቀው መስኮት ስበይድ ርብራቡ የእሷን ጭንቅላት ያሳልፍ ይሆን ብዬ እንደምለካ ነው፤ ያውም ለማላውቀው ሰው ቤት የሚገጠም መስኮት። ይህ ምን እንደሚባል አላውቅም። ስሙ ምንም ይሁን፣ በአውቶቡስ ጭኜ የምልከው ነገር አይደለም።

አለቃዬ ልጅቷ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ እስክታድግ ድረስ ጠዋት ጠዋት ብቻ ግባ ብለውኛል፤ የቀረውን ጊዜ ሥዕልና ልኬት ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። በጠዋቱ የአከራያችን ባለቤት ትይዝልኛለች። እሷ ግን የራሷ ሥራ አለባት፣ ወገቧም ደህና አይደለም። ስለዚህ እርስዎ ይምጡ እልዎታለሁ። ለጥየቃ አይደለም የምልዎት፤ ለመኖር ይምጡ። አባባም ይምጡ፤ ለሳላቸውም ቢሆን እዚህ ሐኪም ቅርብ ነው። የመንገድ በኩሉን ክፍል አጽድቼልዎታለሁ። በሩን አዲስ ገጥሜለታለሁ፤ ማጠፊያው በትክክለኛው በኩል ነው። ልጅቷ ስለ እናቷ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ሕፃን ሳለች ምን ትወድ እንደነበር፣ በምን ትቆጣ እንደነበር። እኔ የማውቃት ካደገች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እሱን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እሷ ስታድግ የምትጠይቀንን ሁሉ ሁለታችንም ሳንደብቅ እንመልስላታለን። ለእኔ ግን ምንም መንገር አይጠበቅብዎትም። መጥተው ልጅቷን ተቀብለውኝ ሻይዎን ይጠጣሉ፤ ከዚያ በዚያው ኑሯችንን እንቀጥላለን።

በደብዳቤዎ ስለ ክብደቷ ጠይቀውኛል፣ ስለ ሳንባዋ ጠይቀውኛል፣ ስለ ዓይኗም ጠይቀውኛል። ሁሉም ደህና ነው። ያልጠየቁኝ አንድ ነገር አለ። ለምን እንዳልጠየቁኝም ይገባኛል። ትናንት በመሣሪያ አዩት፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው። ሐኪሙ ግራና ቀኙን ሁሉ አይቶ ሲጨርስ ንጹሕ ነው አለኝ። ምንም የለበትም። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ደግሞ ነገረኝ። ስለዚህ እንግዲህ በሰላም ይተኙ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ቤትዎን በሳቅ ይሙላልዎት፣ ያጎደለብንን በሷ ይካሰን። ለአባባና ለታናሽየዋ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የሚመጡበትን ቀን ይጻፉልኝ፤ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ቦታ ሁለታችንም ቆመን እንጠብቅዎታለን።

የልጅ ልጅዎ አባት